አስቸኳይ፦ ቀጭኑ ፊደል ሲታተም ይጠፋብኛል

ሌሊት_ሠሪ፦
እባካችሁ ድረሱልኝ። ቢዝነስ ካርድ ነው፣ ፋይሉን ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። በዚያ ቀጭንና ሰፊ በሆነው ፎንት ነው የጻፍኩት፤ የእንግሊዝኛው ኦ ፊደሉ ሙሉ ክብ የሆነው፣ ታውቁታላችሁ። ስክሪን ላይ ልብ ይሰርቃል። አሁን ለሙከራ ሳትመው ግን ግማሹ የለም! የኢ እና የኤች አግዳሚ መስመሮች ጭራሽ ጠፍተዋል። ስልክ ቁጥሩማ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ፕሪንተሩ ተበላሽቶ ነው? ቶነር ቀይሬያለሁ፣ ያው ነው።

ነጥብ_በነጥብ፦
የፊደሉ መጠን ስንት ፖይንት? ጀርባው ምን ቀለም? ፎንቱስ ስም የለውም? ጠንቋይ አይደለንም እኮ።

ክብና_ካሬ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የያዝከውን ነገር እወቀው። ይህ ጂኦሜትሪክ ሳንስ ሴሪፍ ይባላል። ጫፉ ላይ ቅጥያ የለውም፣ መነሻው ክብ፣ ካሬና ሦስት ማዕዘን ነው። ከዘሩ በጣም የታወቀው ፉቱራ ነው፤ ጀርመናዊው ፓውል ሬነር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣ። በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ የተሳለ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ኦ ከኤች ጋር በቁመት ልክ እኩል ቢሆን ለዓይን ያንሳል። ስለዚህ ከላይም ከታችም ትንሽ እንዲያልፍ ይደረጋል። አግዳሚ መስመርም ከቋሚው ጋር እኩል ከወፈረ ለዓይን ይከብዳል፣ ስለዚህ ትንሽ ይቀጥናል። ዓይን በማስመሪያ አይለካም።

ፈጣን_መልስ፦
ጽሑፉን ወደ አውትላይን፣ ማለትም ከፊደልነት ወደ ተራ ቅርጽ፣ ቀይረህ ላከው። ያልቃል።

ሌሊት_ሠሪ፦
እህቴ በሉኝ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን ነገ ጠዋት ነው ያልኩት። ስሙ 11 ፖይንት ነው፣ ስልክ ቁጥሩ 7። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ጀርባ። ፎንቱን ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት፣ አንድ ቀጭን ብቻ ነው ያለው።

ሳቅ_በሳቅ፦
7 ፖይንት! ይሄ የሸረሪት ድር እንጂ ፊደል አይደለም።

ቀለም_ለቅላቂ፦
ነጭ በጥቁር? ይሄን ነበር መጀመሪያ መናገር። ፕሪንተርሽ ጤነኛ ነው፣ ተይው። ሒሳቡን እዪው። ፎንት ሲሠራ መጠኑ ብዙ ጊዜ በ1000 ክፍል ይከፈላል። የዚህ ዓይነት ፊደል መስመር ውፍረቱ 20 ክፍል ነው እንበል። በ7 ፖይንት 0.14 ፖይንት ይሆናል፤ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ። 600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ የሚያትም፣ ፕሪንተር ላይ ደግሞ አንዷ ነጥብ 0.12 ፖይንት ናት። መስመርሽ በሙሉ አንዲት ነጥብ አካባቢ ነው ማለት ነው። ግራ ቀኙን ጥቁር ከቦት ትንሽ ከተስፋፋ ነጩን ይውጠዋል። አግዳሚው ቀድሞ የጠፋው ደግሞ ክብና_ካሬ ባለው ምክንያት ነው፤ ከመጀመሪያውም የቀጠነው እሱ ነው።

ፈጣን_መልስ፦
አውትላይን አድርጊው አልኩ እኮ። ሁሌ ይሠራል።

ቀለም_ለቅላቂ፦
አውትላይን ፎንቱ ሌላ ቦታ ሲከፈት እንዳይቀየር ያደርጋል። መስመር አያወፍርም።

ቁም_ነገር፦
ቆይ፣ ካርድ የሚሠራው እንዲነበብ ነው ወይስ እንዲደነቅ? ቀጭን ፎንት ለትልቅ ርዕስ የተሠራ ነገር ነው። ስልክ ቁጥር ላይ ምን አመጣው? እኔ ብሆን ከነጭራሹ እጥለዋለሁ።

ሌሊት_ሠሪ፦
ደንበኛው ራሱ ነው የመረጠው! መጣል አልችልም። ደግሞ ከሥሩ ያለውን የአማርኛ ስም እንዲመሳሰል ብዬ ወደ ጎን 140 በመቶ ጎትቼዋለሁ። እሱም አስቀያሚ ሆነ።

ነጥብ_በነጥብ፦
ኧረ አትጎትቺው! ወደ ጎን ስትስቢው ቋሚው እግር ብቻ ይወፍራል፣ አግዳሚው እንዳለ ይቀራል። ክቡም እንቁላል ይሆናል። የእኛ ፊደል ላይ ደግሞ ጣጣው ይብሳል። ለ እና ሉ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። ጭረቷ ከጠፋች የሰውየው ስም ተቀየረ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ከ100 እስከ 900 ውፍረት አለው፣ መደበኛውን 400 ውሰጂ። ስፋት ከፈለግሽ በፊደሎቹ መካከል ክፍተት ጨምሪ።

ሳቅ_በሳቅ፦
ሉሉን ለለ ብሎ የሚጠራ ካርድ። እኔ እገዛው ነበር።

ቀለም_ለቅላቂ፦
እሺ፣ ደንበኛሽ ሳይቀየም እንዲህ አድርጊ። ቀጭኑን ለስሙ ብቻ ተዪለት፣ ግን 20 ፖይንት አድርሺው። ለቁጥሩና ለኢሜይሉ ሞንትሰራት የሚባለውን ፎንት ውሰጂ። ነፃ ነው፣ እሱም ጂኦሜትሪክና ሰፋ ያለ ነው፣ አይጣላም። ነጭ በጥቁር ስለሆነ መደበኛው ሬጉላር ሳይሆን ትንሽ ወፈር ያለው ሚዲየም። ስሙ አሁንም ከሳሳ 0.25 ፖይንት ነጭ ስትሮክ፣ ማለትም የጠርዝ መስመር፣ በፊደሎቹ ዙሪያ ጨምሪበት። ንጹሕ ሥራ አይደለም፣ ጥግ ጥጉን ያደበዝዛል፣ ግን ለዛሬ ሌሊት ያወጣሻል። ሌላው፣ ጥቁሩ ከአራቱም የማተሚያ ቀለሞች የተደባለቀ እንዳይሆን። ማተሚያው ላይ አንዱ ቀለም በፀጉር ስፋት ከተዛነፈ ነጩ ውስጥ ይገባል።

ክብና_ካሬ፦
ስትሮክ መጨመር ፊደሉን የሣለውን ሰው መስደብ ነው።

ቀለም_ለቅላቂ፦
ይቅርታውን ከርክክቡ በኋላ ትጠይቀዋለች።

ሌሊት_ሠሪ፦
ጥቁሩ ለካ ከአራቱም ነበር! አሁን ጥቁር ብቻ አደረግኩት። ቁጥሩንም ቀየርኩ። እያተምኩ ነው፣ ቆዩኝ።

ነጥብ_በነጥብ፦
እሺ፣ ምን ሆነልሽ?

ፈጣን_መልስ፦
አውትላይን አደረግሽው?