ጥቆማ፦ ሲንጋፖር ውስጥ ወጥ የሚያስሠራ ክፍል ያለው?

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ ዋን ኖርዝ ነው፣ ውሌ የ2 ዓመት። ለጊዜው ሆቴል ነኝ። ክሌመንቲ ሰፈር የኤችዲቢ (መንግሥት የሠራው ቤት) ክፍል ልከራይ ወይስ ኮንዶ (የግል አፓርታማ) ልጋራ? ደግሞ ማስታወቂያው ሁሉ «ላይት ኩኪንግ ብቻ» ይላል። ወጥ እዚያ ውስጥ ይገባል?

የምዕራቡ ባቡር፦ ክሌመንቲ ግባ፣ አታመንታ። ሁለት ፌርማታ ሄደህ ቡኦና ቪስታ ትቀይራለህ፣ ከዚያ አንድ ፌርማታ ነው። ኮንዶ መዋኛ አለው፣ እሺ። እኔ በ3 ዓመት ሁለቴ ዋኝቻለሁ።

ሽንኩርት፦ ላይት ኩኪንግ ማለት እንቁላልና ኢንዶሚ ነው። እኔ አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት ሳቁላላ አከራዬ ኩሽና በር ላይ መጥታ ቆመች። ምንም አላለችም። መስኮቱን ከፈተች፣ ማራገቢያውን አበራች፣ ሄደች። በሳምንቱ «መቼ ነው ውልህ የሚያልቀው?» አለችኝ።

ቁጥር አዋቂ፦ ልብ በሉ፣ ኤችዲቢ ኮታ አለው። የማሌዥያ ዜጋ ላልሆነ የውጭ ሰው በሰፈር 8፣ በብሎክ 11 በመቶ ነው። ከሞላ አይከራይህም። ኪራዩም ከ6 ወር አያንስም። የግል ቤት ከሆነ 3 ወር ይበቃል።

ሽንኩርት፦ ኮታው ሙሉ ቤት ለሚከራይ ነው። ሰውየው የጠየቀው ክፍል ነው፣ ብሎክ አይደለም።

የተቃጠለ፦ ስለ ቤት ካነሳችሁ የእኔን ስሙ። ኮንዶ 2 ዓመት ኖሬ ወጣሁ። የሁለት ወር ዲፖዚት አስይዣለሁ። ውሉ ኤሲ በየ3 ወሩ ይጸዳ ይላል፣ አስጸድቻለሁ። ሰባት ደረሰኝ አቀረብኩ፣ ስምንተኛው ጠፋብኝ። አንድ ደረሰኝ! ለዚያ ብለው የሁሉንም ክፍል ኤሲ በኬሚካል አሳጥበው ከዲፖዚቱ ቆረጡ። ቀጥሎ ሴትዮዋ በስልኳ መብራት የእንጨቱን ወለል እየቃኘች ሶፋው አጠገብ ክብ ምልክት አገኘች። የጀበና ነው። እውነቱን ለመናገር የጀበና ነበር።

ቁጥር አዋቂ፦ ስለዚህ ጥፋተኛው ጀበናው ነው።

የተቃጠለ፦ ሳቅ። የቀረኝ ግማሽ ወር የማይሞላ ገንዘብ ነው።

ረከቦት፦ የእኔም እንዲሁ ነበር፣ ግን መጋረጃ ነው ያሉኝ።

ጓዳ፦ ኧረ ቤቱን ተዉትና ይሄ ልጅ ምን ይበላል? ስማ ልጄ፣ እሁድ ትንሿ ህንድ ሰፈር ውረድ። ራጊ የሚሉት የኛው ዳጉሳ ነው። አጅዋይን በላቸው፣ ነጭ አዝሙድ ይሰጡሃል። አብሽም ምስር ክክም አለ። ኮረሪማ የለም፣ ሄሉን ለምደነዋል። ዳጉሳውን ከሩዝ ዱቄት ጋር አቡካው። እዚህ ሙቀቱ ሌት ተቀን ስለሆነ ሊጡ በአንድ ቀን ይደርሳል። ከረሳኸው ከባልዲው ወጥቶ መሬት ላይ ታገኘዋለህ። ቴካ ገበያ ፊት ለፊት ካለው ደንበኛዬ ግዛ፣ ሌላ ቦታ አትልፋ።

የምዕራቡ ባቡር፦ እማማ፣ ሙስጠፋ የሚሉት ትልቁ ሱቅ ይረክሳል። ደረሰኝ አስተያይቻለሁ።

ጓዳ፦ ደረሰኝ አይበላም። ሙስጠፋ ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፍቶኝ ያውቃል። ደንበኛዬ ግን ታምሜ ስቀር «የት ጠፋሽ?» ብሎ ይጠይቃል።

የምዕራቡ ባቡር፦ ሳንቲም አስከፍሎ ነው የሚጠይቀው።

ጓዳ፦ ይጠይቅ።

ሰነድ ያዥ፦ የተቃጠለ፣ ገንዘብህን አትተው። ስሞል ክሌምስ የሚባል ችሎት አለ። ከ2 ዓመት ያልበለጠ የመኖሪያ ኪራይ ያያል፣ እስከ 20,000 ዶላር። ጠበቃ አይገባም፣ ራስህ ትናገራለህ። የጠፋውን ደረሰኝ ከጽዳት ድርጅቱ አስወጣ፣ በስልክ ቁጥርህ ያገኙታል። የውሉን ቴምብር ቀረጥ ግን ከፍለሃል?

የተቃጠለ፦ ደላላው ከፍሎ ይሆናል።

ሰነድ ያዥ፦ ብዙ ጊዜ የተከራዩ ዕዳ ነው። የጠቅላላ ኪራዩ 0.4 በመቶ ነው፣ ወረቀቱን ፈልግ። አዲስ ገቢ፣ አንተም ስማ። የደላላውን ስም በሲኢኤ (የደላሎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ እይ። የኤችዲቢ ኪራይ ገንዘብ በእጁ መቀበል አይፈቀድለትም። ቁልፍ የተቀበልክ ቀን ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ፍራሹን ሳይቀር ቪዲዮ አንሳ። ሥራህ ቢቋረጥ ያለቅጣት የምትወጣበት አንቀጽ ከሌለው ውሉን አትፈርም። ስለ ወጥ ደግሞ ሳትፈርም በፊት ቁርጡን ተናገር፦ «በሳምንት አንድ ቀን ሽንኩርት አቁላላለሁ፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል» በል። እሺ ካሉህ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ረከቦት፦ ቡናስ? ኮፒ ኦ ኮሶንግ ብላችሁ እዘዙ፣ ስኳር የለውም። ያለበለዚያ ሽሮፕ ነው የምትጠጡት።

ቁጥር አዋቂ፦ ማን ጠየቀሽ?

ረከቦት፦ ማንም። ለራሴ ብዬ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቅሞኛል። እማማ፣ ዳጉሳው ዱቄት ነው ወይስ እህል?

ጓዳ፦ ሁለቱም አለ። ዱቄቱን ያዝ። ምጣድ አለህ?

የምዕራቡ ባቡር፦ ቆይ፣ ክሌመንቲ ገባህ ወይስ ኮንዶ?

ጓዳ፦ ከሌለህ ሰፊ የዶሳ (የህንድ ቂጣ) መጥበሻ ይሠራል። እሱንም ደንበኛዬ ጋ ታገኘዋለህ።