ቀለም የሌለው ፓኮ በምን ይሸጣል?

ባለሱቁ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ቤቶች። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የእህቴ ልጅ ከሜልቦርን ለፋሲካ መጥቶ ሲመለስ የተጀመረ ፓኮ ሲጋራ ረስቶ ሄደ። ቀለሙን እንዴት ልንገራችሁ? የክረምት ጭቃ ጫማ ላይ ሲደርቅ የሚመስለውን ነው። አብዛኛውን ቦታ የታመመ ሰው ፎቶ ይዞታል። ስሙ ከታች በቀጭን ፊደል ተጽፏል። ልጁ እንዳለኝ የየትኛውም ፋብሪካ ቢሆን ፊደሉም ቀለሙም ያው አንድ ነው።

እናቴ አይታው፣ "ከአርዮስ ሆድ የበቀለ ቅጠል! እንኳንም አስቀየሙት" አለች። እኔ ግን ነጋዴ ነኝና ገረመኝ። ሳሙና እንኳ መጠቅለያው ከደበዘዘ አይነሳልኝም። ታዲያ ቀለሙን የተነጠቀ ፋብሪካ በምን ይሸጣል? እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ?

ደግሞ ሳቁብኝ፦ ፓኮውን መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው በሁለት ቀን ሦስት ባለባጃጆች "ያ ከውጭ የመጣው ስንት ነው?" አሉኝ።

ስደተኛው ጎጃሜ፦
ወንድምዓለም፣ እኔ እዚያው ሜልቦርን ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነኝ። ፓኮ ሁሉ አንድ ቀለም እንዲሆን ያዘዘው የአውስትራሊያ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2012 ነው፤ ከዓለም አውስትራሊያ ቀደመች። ቀለሙን መጀመሪያ "የወይራ አረንጓዴ" ብለውት ነበር። የወይራ አምራቾች ማኅበር ስማችንን አታጥፉ ብሎ ስለጮኸ "ደብዛዛ ጥቁር ቡናማ" ተባለ።

ፋብሪካዎቹ መች ተቀመጡ! ቀለሙ ሲወሰድባቸው ቀለሙን ስም አደረጉት። "ሰማያዊ"፣ "ወርቃማ" እየተባለ ስሙ ረዘመ። ቀጥሎ ወደ ቁጥር ሄዱ። 20 በነበረው ፓኮ ውስጥ 21 የሚያደርግ መጣ። ያቺ ትርፏ ምን እንደሆነች ለአንተ አይነገርም፣ ምርቃት ናት። ማጣሪያው ውስጥም ዶቃ የምታክል ነገር ቀበሩ። በጣት ጫን ሲሏት ፈንድታ የሚንት ጣዕም ትለቃለች። እሷ ፓኮው ላይ አትታይም፣ ስለዚህ የፓኮ ሕግ አያገኛትም።

መንግሥት ዘግይቶ ነቃ። ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ፓኮ 20 ብቻ ነው፣ ዶቃዋም ቀርታለች። እያንዳንዷ ሲጋራ ላይ ሳይቀር ማስጠንቀቂያ ይታተማል። እንዲህ በየዘንጉ ማተሙን እንኳ ካናዳ ቀድማለች።

ሲስተር (ቡሬ)፦
የእንግሊዞቹ ይባስ። እዚያ የሚንት ሲጋራ በሜይ 2020 ሊከለከል ሲል ያችኑ ዶቃ በትንባሆ ቅጠል ጠቀለሏትና "ሲጋሪሎ" ብለው አወጧት። በሕጉ ዓይን ሲጋሪሎ ሲጋራ አይደለም። ስለዚህ ባለቀለም ፓኮ ይፈቀድለታል፣ ከ20 ማነስ የለበትም የሚለውም አይመለከተው፤ በ10 በ10 ይሸጣል።

የእኛ አገር አዋጅ 1112/2011 የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ ለፎቶና ለማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። የቀረችው 30 ግን አሁንም የፋብሪካው ቀለም ናት።

አንተ ባለሱቅ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በነጠላ ትሸጣለህ አይደል? ክልክል መሆኑን ታውቃለህ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም እንደዚሁ።

ባለሱቁ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሲስተር ያዝሽኝ። ለልጅ አልሸጥም፣ ይህንን በማርቆስ ልማል። ነጠላውን ግን አልክድም። በሩ ላይ ላይተር በገመድ ታስሮ እያየሽ ምን ብዬ እክዳለሁ?

ግን ስሚኝ፣ ስታነሺው ነው የገባኝ። ባለባጃጁ "አንድ ኒያላ" ብሎ እጁን ይዘረጋል። ፓኮውን የምከፍተው እኔ፣ ፎቶውን የማየው እኔ። እሱ የሚያየው ዘንጓን ብቻ ነው። 70 በመቶው ፎቶ ቀኑን ሙሉ የሚያስጠነቅቀው የማያጨሰውን እኔን ነው። ስለዚህ ያ ዘንጓ ላይ የሚታተመው ጽሑፍ ለማርቆስ ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል። ስደተኛው ያለውም ልክ ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ስሙ ነው፣ ማንም በቀለም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

የሜልቦርኑን ፓኮ ከመደርደሪያው አውርጄዋለሁ። ውስጡን ገልብጬ ዱቤ እየጻፍኩበት ነው። ሦስቱም ባለባጃጆች ስማቸው እዚያ አለ።