ሌባነቱ ገና በሁለተኛው አንቀጽ ታወቀብኝ

ጭብጦ (የካ አባዶ)፦
እንዴት ናችሁ። አጭር ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ሰውዬው የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሱፉ የተተኮሰ፣ ረጋ ብሎ የሚያወራ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚለው። ለውሃ ፓምፕ መግዣ የተዋጣውን ብር ግን እየበላው ነው። ይሄ መውጣት የነበረበት መጨረሻ ላይ ነው። ለጓደኛዬ ሳስነብባት ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ይሄ ሌባ ነው አይደል?» አለችኝ። በምን አወቅሽ ስላት «አለባበሱን አበዛህበት» አለች። ምን ላድርግ?

ሊስትሮው፦
ልክ ናት። ያማረ ሁሉ ክፉ፣ የተጎሳቆለ ሁሉ ልበ ወርቅ የሚለውን አንባቢ ከነቃበት ቆየ። ጉዱ ካሳን አስበው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ነው፣ ሰውዬው ግን እስካሁን አላረጀም። ስሙ እኮ ካሳ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ» ያለው አገሩ ነው፣ እብድ መስሎት። እኛ ግን ሲናገር እንሰማዋለን፣ ከዛ እብዱ ማን እንደሆነ ግራ እየገባን እንሄዳለን። ያንተንም አስወራው በቃ።

ጤዛ፦
እኔ ደግሞ ማን እንደሚያየው ነው የምጠይቅህ። የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን ላይ (ስሙ የሠሪው ነው እንጂ የፍጡሩ አይደለም፣ ሁሌ ይምታታል) ያ አስፈሪ ፍጡር ለአንድ ድሃ ቤተሰብ ማታ ማታ ተደብቆ እንጨት ያመጣላቸዋል። ቤታቸው ሲገባ በደህና የሚያናግረው ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ብቻ ነው። ልጆቹ ሲደርሱ አንዷ ራሷን ስታ ትወድቃለች፣ ወንድሟ በዱላ ይቀጠቅጠዋል። ፍጡሩ በዛች ቅጽበት አልተለወጠም እኮ። የጋሼን ሱፍ የሚያየው ማነው? ተራኪው ብቻ ከሆነ ችግሩ እሱ ጋ ነው።

የመገናኛ ተሳፋሪ፦
ኧረ መጽሐፍ ምን አስፈለገ። ባለፈው ወደ አባዶ ስመለስ ወያላው መልሴን ውጦ ዝም አለ። ጠየቅኩት፣ ሰደበኝ። ስንወርድ ደግሞ የአንዲት እናት ጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጣ አየሁት፣ ያውም ሾፌሩ ክላክስ እያንባረቀበት። የትኛው ነው እሱ? ብሬን ግን አልመለሰም 😂

ጭብጦ፦
ሱፉን አስወለቅኩት። አሁን በቱታ፣ እጅጌውን ሰብስቦ የብሎኩን ሮቶ ራሱ ያጥባል፣ ክሎሪኑ እጁን ልጦታል። ብሩን ግን በልቷል። ማታ ለጓደኛዬ ላክሁላት። አይታዋለች፣ እስካሁን ምንም አላለችም።