ሹፌር ሲያስፈራራ ፈረሰኛ መንገዱን ይልቀቅ ወይስ ይያዝ?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላም ሆነ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ፈረሰኛ፣ ጋሪና ከባድ መኪና አንድ መንገድ ይጋራሉ። አንዳንድ ሹፌር ከኋላ ተጠግቶ ጡሩምባ ይነፋል፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ በሩን ይደበድባል፤ ሲያልፉም እርካብ ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም። እንዲህ ሲሆን ፈረሰኛው ከአስፋልቱ ወርዶ ያሳልፋቸው ወይስ ቦታውን ይዞ ፍጥነት ያስቀንሳቸው? ስድብ አይፈቀድም። ሌላው ሰው ነገ ሊሠራበት የሚችለውን ጻፉ።

ባለ ኮርቻ፦
ይያዝ። ነገሩ የሜትር ጉዳይ ነው። አስፋልቱ ወደ 7 ሜትር ይሰፋል፣ ለአንዱ አቅጣጫ የሚደርሰው 3 ሜትር ተኩል ነው። የጭነት መኪና ወርድ 2 ሜትር ተኩል ያህል፣ ፈረሰኛው ከነእግሩ 1 ሜትር ያህል። ጠርዙን ታክኮ የሚሄድ ፈረሰኛ ለሹፌሩ «መስመርህን ሳትለቅ ታልፈኛለህ» እንዳለው ይቆጠራል፤ ደምሩትና በመካከላቸው ስንዝር እንኳ አይተርፍም። ከጠርዙ 1 ሜትር ገባ ብሎ የሚሄደውን ግን ወደ ግራው መስመር ሳይወጡ ማለፍ አይቻልም። ለመውጣት ከፊት የሚመጣ አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል፣ ለማየት ደግሞ መቀነስ። በዚያ ላይ ገባ ያለው ሰው በቀኙ 1 ሜትር መጠባበቂያ አለው፤ ጠርዙን የያዘው የሚቀረው ቦይ ብቻ ነው።
መያዝ ማለት ግን ግትርነት አይደለም። ፊት ለፊት ደልዳላ ቦታ ሲታይ ቀኝ እጅን ዘርግቶ ማሳየት፣ ወደዚያ መውጣት፣ ማሳለፍ፣ እጅ አንስቶ ማመስገን። ቦታውን የሚመርጠው ፈረሰኛው ይሁን ነው ክርክሬ።

የጭነት ሰው፦
ወንድሜ ባለ ኮርቻ፣ የመንገዱን ወርድ ለክተሃል፣ የፍሬኑን ርቀት ግን አልለካህም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይበላል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ጭነት ይዞ እስኪቆም ሌላ 28 ሜትር ያህል፣ በኮረኮንች 40 ሜትር ያህል። ኩርባ ጀርባ መሐል መንገድ ላይ ፈረስ ካለ፣ ሹፌሩ የፈለገውን ያህል ደግ ቢሆን አይደርስለትም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ከመኪና ጋር ቦታ መጋፋትም ውጊያ ነው።
ደግሞ ሁሉም ድምፅ ማስፈራሪያ አይደለም። የአየር ፍሬን ሲለቀቅ «ጭስስ» የሚለው ሹፌሩ ሊጠብቅህ ፍጥነት ሲቀንስ ነው። ቁልቁለት ላይ የሞተር ፍሬን ያጓራል፣ ያም ቢሆን የመቀነስ ምልክት ነው። ፈረሰኛው ይህንን እንደ ዛቻ ቆጥሮ ሲሳደብ ወይም አለንጋ ሲያነሳ፣ ያልነበረ ጠብ ይፈጠራል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ሁለታችሁም የዘለላችሁት ፈረሱን ነው። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ማለት ይቻላል ያያል፤ የማያየው ልክ ከጭራው በስተኋላና ግንባሩ ሥር ያለውን ነው። ቀጥታ ከኋላ የሚመጣ መኪና ለእሱ የሚሰማ ግን የማይታይ ነገር ነው፤ የሚደነብረውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቦታ መያዝ ወይም መልቀቅ ከመባሉ በፊት መኪናውን እንዲያየው ማድረግ ይቅደም።
አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናው 100 ሜትር ያህል ሲቀረው ከሶምሶማ ወደ እርምጃ ይወረዳል። የግራውን ዛብ በመጠኑ ጠበቅ አድርጎ የፈረሱን አንገት ትንሽ ወደ ግራ ማዞር፣ የግራ ዓይኑ ጥግ ለፈረሰኛው እስኪታይ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ወዲያው የግራ እግርን ከሆድ ማሰሪያው ትንሽ ወደ ኋላ አድርጎ ጫን ማለት። ጭንቅላቱ ወደ መንገዱ፣ ዳሌው ወደ ቦዩ ይሆናል። ቢደነብር እንኳ ዳሌው ወደ ጎማው አይወረወርም። ቦዩ ውስጥ የተጣለ ፌስታል ቢያስደነግጠውም አያያዙ ያው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የፈረሱን ፊት ወደሚፈራው ነገር ያዞርና ዳሌውን ለመኪናው ያጋልጣል።
ትልቁ ጥፋት ሁለቱንም ዛብ በአንዴ መጎተት ነው። የአገራችን ልጓም አፍን የሚያሳምም ዓይነት ነው፤ ፍርሃትና ሕመም ሲደራረቡበት ፈረሱ ወይ በኋላ እግሩ ይቆማል ወይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጆሮዎቹን ተመልከቱ። አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ፊት ከሆነ እያዳመጠ ነው። ሁለቱም ወደ ኋላ ተቀስረው አንገቱ ከደረቀ ግን ለመፈርጠጥ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው የቀረው።

ባለ ኮርቻ፦
ዶክተር፣ ልክ ነዎት። ግን በዚያ ጊዜ ወርዶ ፈረሱን መሳብ አይሻልም የሚሉ አሉ። እኔ አይሻልም ባይ ነኝ።

የእንስሳት ሐኪም፦
በጊዜ ከሆነ ይሻላል፣ ዘግይቶ ከሆነ አይሻልም። መኪናው ሩቅ እያለ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ። ልማዱ በግራ መውረድ ነው፣ ግራ ደግሞ የመኪናው ወገን ነው፤ ስለዚህ ፈረሱን አስቀድሞ በቤት በቀኝ በኩልም መውጣትና መውረድ ማስለመድ ያስፈልጋል። ከወረዱ በኋላ ፈረሱ በቦዩ በኩል፣ ሰውየው በመንገዱ በኩል ሆኖ ይሳባል፤ ሰውየው ፊት ለፊቱ አይቁም። ዛብ እጅ ላይ አይጠመጠም፣ ከፈረጠጠ ይዞት ይሄዳልና። እርካቡም ከጫማው ወርድ በ2 ሳንቲ ሜትር ያህል የሰፋ ይሁን፤ ጠባብ እርካብ ውስጥ የተሰነቀረ እግር ነው ሰውን የሚያስጎትተው።
ማለማመዱ ደግሞ አስፋልት ላይ አይጀመርም። ሞተሩ የጠፋ መኪና ሜዳ ላይ ይቁም፣ ፈረሱ ከ30 ሜትር ጀምሮ በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል እየቀረበ ይዙረው። ቀጥሎ ሞተሩ ይነሳ። ቀጥሎ መኪናው በዝግታ ይለፈው። ጡሩምባ የመጨረሻው ነው። አጠገቡ የሰከነ ትልቅ ፈረስ ይኑር። ከመደንበሩ በፊት እንጂ ከደነበረ በኋላ ማቆም አይጠቅምም፤ ሮጦ ማምለጥ ያዋጣል ብሎ ይማራል።

ጋሪ ነጂ፦
«ወርደህ አሳልፍ» የሚባለው ለኮርቻ እንጂ ለጋሪ አይሆንም። የአስፋልቱ ጠርዝ ብዙ ቦታ ላይ ከጠጠሩ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። ጭነት የያዘ ጋሪ አንድ ጎማው ሲወርድበት ያጋድላል፣ ዘንጉ ፈረሱን ወደ ጎን ይመታል፣ ፈረሱ ሲፈራገጥ ይገለበጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አብዛኛው ጋሪ ፍሬን የለውም፣ ክብደቱ ፈረሱን ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጋሪ መንገዱን የሚለቀው መግቢያ ባለበት፣ ጠርዙ ከጠጠሩ እኩል በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። ከኋላ የሚጮህ ሹፌር ይህን አያውቅም፣ ግትርነት ይመስለዋል። ምሽት ላይ ደግሞ አንጸባራቂ ከሌለ ጥፋቱ የኛ ነው። ቀይ አንጸባራቂ ከኋላ በሁለቱም ጥግ ይለጠፍ፤ መሐል ላይ አንድ ብቻ ከሆነ ሞተር ሳይክል ነው የሚመስለው።

ከበርሚንግሃም፦
እዚህ ብሪታኒያ ክርክሩ ተመሳሳይ ነው። በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው የመንገድ መመሪያ ፈረስ የሚያልፍ ሹፌር ከ10 ማይል፣ ማለትም በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድና ቢያንስ 2 ሜትር እንዲርቅ ይላል። ጡሩምባ እንዳይነፋና ሞተር እንዳያስጓራም ይላል። ፈረሰኛውም ደማቅ አንጸባራቂ ልብስ እንዲለብስ፣ በጠባብና በሚበዛበት መንገድና በኩርባ ላይ በአንድ ሰልፍ እንዲሄድ ይመከራል። አንዳንዶች አንድ ሜትር የሚያህል ዱላ ወደ መንገዱ አግድም ይዘው ሹፌሩ እንዲርቅ ያደርጋሉ፤ ይሠራል።

ባለ ኮርቻ፦
ዱላውን አልቀበልም። በኛ መንገድ ዱላ ያነሳ ፈረሰኛ ለጠብ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው፣ ያልለመደ ፈረስም ከዱላው ጥላ ይሸሻል። ከኮርቻው ኋላ ግላሱ ላይ የሚሰፋ ደማቅ ቢጫ ጨርቅ ያንኑ ያደርጋል።

የጭነት ሰው፦
2 ሜትሩን እቀበላለሁ፣ ልክ ነው። 16 ኪሎ ሜትሩንም ለሜዳ እቀበላለሁ፤ በዚያ ፍጥነት 10 ሜትር በማይሞላ ርቀት ይቆማል። ዳገት ላይ ግን ልመናዬ አለ። ሙሉ ጭነት ያለው መኪና ዳገት መሐል ከቆመ እንደገና ለመነሳት ፍሪሲዮን ያቃጥላል፣ ዝናብ ካለ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላም ሊሄድ ይችላል። ዳገት ላይ ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና የሰማ ፈረሰኛ ቢችል ይልቀቅ። ቁልቁለትና ሜዳ ላይ እኛ እንጠብቅ።
ጡሩምባን በተመለከተ፣ ከ150 ሜትር በላይ ርቆ አንዴ አጠር አድርጎ መንፋት ማሳወቅ ነው። 10 ሜትር ላይ ደርሶ መንፋት ማስፈራራት ነው፣ ለዚህ ጥብቅና አልቆምም። በሩን የሚደበድብ ረዳትም ሊቀጣ ይገባዋል። ሥራው ለሹፌሩ ማየት እንጂ ከብት መንዳት አይደለም።

ጠበቃ፦
ስለ ሕጉ ባጭሩ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 ዛቻ ያስቀጣል፣ ግን በተበዳዩ አቤቱታ የሚቀርብ ነው፤ ድርጊቱና አድራጊው ከታወቁ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ያልፋል። «እጨፈልቅሃለሁ» ብሎ መኪና ማስጠጋት ከተራ ስድብ የተለየ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። አንቀጽ 2071 ግን የእንስሳ ባለቤትንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ፈረሱ ደንብሮ የሚኒባስ መስተዋት ቢረግጥ ባለቤቱ ሊከፍል ይችላል። የተበዳዩ ጥፋት ካለበት ካሣው ስለሚነካ፣ ያለ አንጸባራቂ በምሽት መሐል መንገድ መሄድ ፈረሰኛውን ይጎዳዋል።
ማስረጃ ማለት ሰሌዳ ነው። በነባሩ ታርጋ ላይ ሦስት ነገር ያዙ፦ የክልሉን ፊደል፣ የኮዱን ቁጥርና ዋናውን ቁጥር። ቁጥሩን ሙሉ ለመያዝ ካልተቻለ ቀለሙ ይረዳል፤ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ቀዩ ኮድ 1 የታክሲ ነው። ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ በአቅራቢያ ያለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ የተባለው ቃል እንደተባለ፣ የምስክር ስም። በአንድ እጅ ዛብ በአንድ እጅ ስልክ አትያዙ፤ ስልኩ ደረት ኪስ ውስጥ ድምፅ እየቀዳ ይቀመጥ፣ ታርጋውን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

የባንጃ ልጅ፦
ሹፌሩ መኪና አቁሞ ከወረደስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ባለ ኮርቻ፦
ከኮርቻ አይወረድም። 4 ወይም 5 ሜትር ርቀት ተጠብቆ፣ ፈረሱ ፊቱን ወደ ሰውየው አዙሮ፣ ዳሌውን ወደ ነፃው ቦታ። አለንጋው ወደ ታች። የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፈረሱ ደንብሯል፣ እለፍ ወንድሜ።» መልስ ከመጣ አይመለስለትም። መኪናውን መዝጋት ወይም ከፊት መቆም ጥፋቱን ያዛውራል። መኪና በማይገባበት በእርሻ ድንበር ወይም በእግር መንገድ መውጣት ይቻላል፤ ፈረስ የሚበልጠው እዚያ ነው።

የባንጃ ልጅ፦
እኔ የምለው በቡድን ስንሄድ ነገሩ እንደሚለወጥ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ ጥር 23 ለማኅበሩ ዓመታዊ በዓል ወደ እንጅባራ የሚወርደው ሕዝብ ብዛት ይታወቃል። በዚያ ሰሞን ስምንት ፈረስ በአንድ ሰልፍ፣ በየመካከሉ አንድ ፈረስ ቁመት ተትቶ፣ ወደ 37 ሜትር ይሆናል። ሁለት ሁለት ሲሆን ወደ 17 ሜትር ይወርዳል፣ መኪናው ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ሁለት ሁለት፣ ኩርባ ሲደርስ አንድ አንድ። የሰከነው ፈረስ ከፊትና ከኋላ፣ ደንባራው ከመሐል በቀኝ በኩል። ከስምንት በላይ ከሆንን ተከፍለን በቡድኖቹ መሐል 100 ሜትር እንተው፣ መኪና ገብቶ የሚጠብቅበት ቦታ እንዲያገኝ። አንዱ ፈረስ ቢደነብር ሌሎቹ አይሩጡ፣ ይቁሙ፤ ሁሉም ከሮጠ የሚያቆመው የለም።

የጭነት ሰው፦
100 ሜትሩ ጥሩ ነው። ያለ እሱ ግን መሐላችሁ ገብተን መያዣ እናጣለን፤ ብዙ ጊዜ ማስጠጋት የሚባለው ከዚህ ይመጣል።

ጋሪ ነጂ፦
ማኅበሩ ከመናኸሪያው ጋር ይነጋገር እንላለን። መኪና ከመውጣቱ በፊት ለረዳቱ ሦስት ነገር ይነገረው፦ በር አትደብድብ፣ ፈረስ ስታይ ለሹፌሩ በቃል ተናገር፣ ካለፋችሁ በኋላ ወደ ኋላ ዞረህ አትጩህ። ወረዳው ደግሞ መንገድ ሲጠገን ገበያ መግቢያ ላይ ጠርዙን ከጠጠሩ እኩል ያስደርግ፣ ሁለት ጋሪ የሚያስቆም 15 ሜትር ያህል ይበቃል። መውጫ ሳይኖር «ልቀቅ» ማለት ትርጉም የለውም።

ባለ ኮርቻ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ በዳገቱም ከጭነት ሰው ጋር እስማማለሁ። ኩርባ ላይ ግን አሁንም አልስማማም። ከኩርባ 50 ሜትር በፊት ጠርዙን የያዘ ፈረሰኛ መኪናው እዚያው ኩርባው ላይ እንዲቀድመው ይጋብዘዋል፣ ከፊት ሌላ ሲመጣ ሹፌሩ የሚመለሰው ወደ ፈረሱ ነው። ወይ ከኩርባው በፊት ሙሉ በሙሉ ከአስፋልቱ ይውጣ፣ ወይ ኩርባው እስኪያልቅ መስመሩን ይያዝ።

የጭነት ሰው፦
ከሁለቱ የመጀመሪያውን ይምረጥ። በቀኝ ኩርባ ተራራው ስለሚጋርድ ፈረሱን የምናየው 30 ሜትር ላይ ነው። በግራ ኩርባ ከሩቅ ይታያል፣ እዚያ ይያዝ ብትል አልከራከርህም።