የወንዝ ዳሩ ግንባታ ጥናት የት ይገኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ከማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዳርቻው የእንግዳ ማረፊያ፣ ካፌና የመኪና ማቆሚያ ሊሠራ ነው። የሰማነው በአንድ ስብሰባ ላይ ነው። ባለ ቀለም ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈው አሳዩን። ዛፍ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት የእግር መንገድ ግን የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጎርፉ ነው። ወንዙ በጋ ላይ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የወጨጫ ተራራ ዝናብ ሲወርድበት ግን ያስፈራል። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችንን የእማማን አጥር ከነጎመኑ ጠርጎ ወሰደው። የጭቃው ምልክት እስካሁን ግድግዳቸው ላይ አለ፣ ጉልበቴ ድረስ ይደርሳል። ማዶ ላይ ግንብ ቆሞ መሬቱ ኮንክሪት ከለበሰ ውሃው ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም። ግንባታው ይቅር አላልኩም፤ ግንባታው በአካባቢው ላይ የሚያመጣውን ተፅዕኖ የሚያሳየውን ጥናት እንይ ነው ያልኩት።

ዩኒቨርሲቲውን በደብዳቤ ስጠይቅ «ጥናቱ አማካሪው ጋር ነው» አሉኝ። ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ ላከኝ፤ ክፍለ ከተማው መልሶ ወደ ዩኒቨርሲቲው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ን አንብቤዋለሁ። አንቀጽ 15 የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። በእጄ ማህተም ያረፈበት የደብዳቤዬ ቅጂ፣ የሥዕሉ ፎቶና የ43 አባወራዎች ፊርማ አለ።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ግንባታው ሳይጀመር ሪፖርቱን ለማየት ማመልከቻችንን ለየትኛው መሥሪያ ቤት እናስገባ?