የአዳም ስሚዝ «ፍሬ አልባ» ሠራተኞች ግራ አጋብተውኛል

ሰላም ለሁላችሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ምዕራፍ ላይ ቆሞ ሁለት ሳምንት አለፈው። የስኮትላንዱ የኢኮኖሚክስ ሊቅ አዳም ስሚዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ባሳተመው «የአገሮች ሀብት» (The Wealth of Nations) መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ንጉሡን፣ ዳኞቹንና ወታደሮቹን ከቤት አሽከር ጋር ደርቦ ፍሬ አልባ ሠራተኞች ይላቸዋል (ጄኔራሎቹ ይህን አንብበውት ይሆን?)። አምስተኛው ክፍል ላይ ግን መንግሥት ሦስት ግዴታዎች አሉበት ይላል፤ አገር መከላከል፣ ፍትሕ ማስፈን፣ እንዲሁም ለኅብረተሰቡ እጅግ ቢጠቅሙም ለግለሰብ ወጪያቸውን የማይመልሱ እንደ መንገድና ድልድይ ያሉ ሥራዎችን መሥራት።

ፍሬ አልባ ማለት አላስፈላጊ ማለት ነው? ወይስ ሥራው እንደተሠራ ይጠፋል፣ የሚሸጥ ዕቃ አያስቀርም ማለት ብቻ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ አማካሪዬ ግን አልተቀበሉኝም።

ሌላም አለ። የድልድይ ወጪ ከተሻጋሪዎቹ በሚሰበሰብ ክፍያ ይሸፈን ይላል፤ ይህ ይገባኛል። በስኮትላንድ የደብር ትምህርት ቤቶች ምሳሌ ግን የመምህሩ ደመወዝ ከፊሉ ከሕዝብ፣ ከፊሉ ከተማሪው እንዲሆን ይፈልጋል። ታዲያ ትምህርትን ከየትኛው ወገን ልመድበው፤ ተጠቃሚው ከሚከፍልበት ወይስ ሕዝብ ከሚከፍልበት?

ሁለቱን ክፍሎች አስታርቆ ያነበበ ካለ እባካችሁ ምዕራፉን ጠቁሙኝ። ረቂቁን የማስረክበው ዓርብ ነው።