ሥጋ ቀንስ ተባልኩ፣ በምን ልተካው?

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኛልና የምታውቁ ምከሩኝ።

አባቴ በ50 ዓመቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘበት። እኔ አሁን 38 ነኝ። ሐኪሜ "በቤተሰብህ ስላለ እንደሌላው ሰው 45 እስኪሞላህ አትጠብቅ፣ በ40 ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ውስጡን በካሜራ ማየት) ተመርመር" አለኝ። እሱስ ገብቶኛል፤ ፖሊፕ የሚሉት እባጭ ከተገኘ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ያወጡታል። ያቃተኝ ምግቡ ነው።

ቀይ ሥጋ ከበሰለ በኋላ ተመዝኖ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አይለፍ ተባልኩ። ሰፈራችንን ብታዩት! ቅዳሜ ቁርጥ ቤት ከጓደኞቼ ጋር ከተቀመጥኩ ግማሽ ኪሎ መቅመሻ ነው። ቢራውም አለ፣ አልኮልም ለዚሁ ካንሰር ያጋልጣል። ሞርታዴላውን እንኳ ትቻለሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

በጾም ወቅት ችግር የለብህም ትሉኝ ይሆናል። አለብኝ እንጂ! ሽሮና ባቄላ ሆዴን ይነፋኛል፤ ታክሲ ነጂ ስለሆንኩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው፣ ይብስብኛል። ምስር ትንሽ ይሻለኛል። ጎመን እወዳለሁ፣ ግን በየቀኑ ማን ይሠራልኛል? ወንደላጤ ነኝ።

እስቲ ጥራጥሬ ሆዳችሁን ሳይነፋ የለመዳችሁ እንዴት አደረጋችሁ? ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይረዳል? ለቁርስስ በቆሎ ቂንጬ ይሻላል ወይስ የአጃ ገንፎ? ጓደኞቼን ሳላስቀይም ከቁርጥ ቤት የምቀርበት ዘዴ ካላችሁም አትንፈጉኝ።